ቃለ ጉባኤ ያልተያዘለት ደስታ

ወልቂጤ ላይ ሦስት ሰዎች ቡና ሲጠጡ አራተኛው ከደረሰ ሊቀ መንበር ይመረጣል፤ አምስተኛው ከተጨመረ ማኅተም ለማስቀረጽ መዋጮ ይጀመራል። ቡታጅራም ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ምክትሉም በዚያው ጀበና መመረጡ ነው። አጋነንክ የሚለኝ ካለ ሕጉን ያንብብ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ማኅበር የሚለው አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ኖረውት በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራውን ነው። አምስት ሰው! የእኛ ሰፈር ለአንድ ጀበና የሚቀመጠው ሰው ከዚያ ይበልጣል። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች በየበረንዳው ስንት ጠቅላላ ጉባኤ ስኒ ይዞ እንደተቀመጠ ያሰቡበት አይመስለኝም።

ማኅበር የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ጉራጌ አገር አድጎ ማኅበር መጥላት ቆጮ እንደ መጥላት ነው፤ ይቻላል፣ ግን የት ይበላል? እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ አንድን ነገር እንዲሁ ስለወደድነው ብቻ መውደድ ያሳፍረናል። ሩጫ የሚወድ ሰው «ሩጫ እወዳለሁ» ብሎ አያቆምም፤ «ጤናማና አምራች ዜጋ ለማፍራት» ነው የሚሮጠው። ተራራ መውጣት የሚወደው «የአካባቢውን የቱሪዝም ሀብት ለማስተዋወቅ» ይወጣል። ኳስ ለማየት የሚሰበሰቡት ወጣቶች እንኳ ደብዳቤ ሲጽፉ «ወጣቱን ከአልባሌ ቦታ ለማራቅ» ይላሉ፤ ደብዳቤው የተጻፈው ግን እዚያው አልባሌ ቦታ ሆኖ ነው።

ይኼ ጠባያችን ይበልጥ ግልጽ የሆነልኝ ስለ ሮታሪ ክለብ ፌሎሺፖች፣ ማለትም ስለ ወዳጅነት ስብስቦቹ፣ ሳነብ ነው። ሮታሪን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፖሊዮ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ የሕፃናትን አፍ ከፍተው ጠብታ የሚያንጠባጥቡት ዘመቻዎች ከጀርባቸው ይኼ ክለብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመረው ሥራ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ እንዲመሰከርላት አብቅቷታል። አዲስ አበባም የራሷን ክለብ ያቋቋመችው በ1950ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ነው። መሪ ቃላቸው ከራስ በላይ አገልግሎት ነው። ቁም ነገረኞች ናቸው ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ቀልዱ ያለው አጀማመራቸው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ቺካጎ ላይ ሦስት ሰዎች ሰበሰበ፤ አንድ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንድ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንድ ልብስ ሰፊ። ዛሬ አንዱ ቢሮ ከተሰበሰቡ በሚቀጥለው ሌላው ቢሮ ይሄዳሉ፤ ስሙም ከዚሁ ዙር የወጣ ነው። ይህን ታሪክ እንደ ትልቅ ግኝት ሲተርኩት ስሰማ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ነጋዴና ልብስ ሰፊ ተሰብስቦ ቦታ እየቀያየረ በዙር ይገናኛል! መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆሞ ይህን ለአንድ የጉራጌ ነጋዴ ብትነግሩት የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ «እጣው መጀመሪያ ለማን ወጣ?»

እንግዲህ እነዚህ አገልጋዮች ዓመታት ሲያገለግሉ ከቆዩ በኋላ አንድ ነገር ጎደላቸው፤ ጨዋታ። እ.ኤ.አ. በ1928 ኤስፔራንቶ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ የሚወዱ አባላት ተሰባሰቡ። በ1947 ደግሞ ጀልባ ያላቸው አባላት የሮታሪን ባንዲራ ጀልባቸው ላይ ሰቀሉና «እኛ የሮታሪ ጀልበኞች ነን» አሉ። እስከ ዛሬም አሉ። ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተ። ዛሬ ወደ መቶ የሚጠጉ ፌሎሺፖች አሉ፦ ሞተር ብስክሌት የሚወዱ፣ ወፍ በመነጽር የሚያዩ፣ ቴምብር የሚሰበስቡ፣ ቼዝ የሚጫወቱ፣ የድሮ መኪና የሚወለውሉ፣ ወይን የሚያጣጥሙ፣ የምትሃት ትርኢት የሚያሳዩ። በበረዶ ላይ ድንጋይ የሚያንሸራትቱም አሉ፤ ከርሊንግ ይሉታል። ይኼኛው ወልቂጤ ላይ ቢከፈት ግማሽ መሣሪያው ዝግጁ ነው፤ ድንጋይ ሞልቷል፣ የጎደለው በረዶ ብቻ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ዝርዝሩ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ለጨዋታውና ለሥራው ሁለት የተለያየ ቤት ሠርተዋል። ውኃ፣ ጤና፣ ትምህርት ለሚሉት ሌላ ዓይነት ስብስብ አላቸው፤ የተግባር ቡድን የሚሉት። ፌሎሺፑ ግን ሰዎች የሚወዱትን ነገር አብረው እየወደዱ እንዲወዳጁ ነው የተፈቀደው። የራሱን ወጪ ራሱ ይሸፍናል እንጂ «ምን ለውጥ አመጣችሁ» ብሎ የሚያፋጥጠው የለም። ወፍ የሚያየው ሰው ወፍ አይቶ ቤቱ ይገባል፤ እሱ ሪፖርት አይጽፍም። እነዚያ ለሥራ ተሰብስበው ጨዋታን በኋላ በር አስገቡ። እኛ ለጨዋታ እንሰበሰብና ሥራን በፊት በር እናስገባለን፤ ሥራው እንግዳ ነኝ ብሎ ከፍ ያለውን ወንበር ይይዛል፣ ጨዋታው ተነሥቶ ይሄዳል።

ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ቅዳሜ ማለዳ የሚሮጥ አንድ ቡድን አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ቀይሮታል። ሲጀምር ሁለት የባንክ ሠራተኞችና አንድ መምህር ነበሩ። 12 ሰዓት ላይ ይነሣሉ፣ ይሮጣሉ፣ ላብ በላብ ሆነው ይመለሳሉ፣ ፍርፍራቸውን ይበላሉ፣ አለቀ። ከዚያ አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ተቀላቀለ። ሰውየው ሩጫ አይወድም፤ የሚወደው የተደራጀ ነገር ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ «ቲሸርት ያስፈልገናል» አለ፤ በሦስተኛው ቲሸርቱ መጣ፤ ከፊት የቡድኑ ስም፣ ከኋላ የሱቁ ስልክ ቁጥር። እስከ ዛሬ ያ ቡድን ሲሮጥ ከኋላው የሚከተል ሰው የቆርቆሮ ዋጋ መጠየቅ ይችላል።

ቲሸርት ካለ ቲሸርቱን ያልለበሰ ይኖራል። ያልለበሰ ካለ ቅጣት ይኖራል። ቅጣት ካለ ገንዘብ ያዥ ያስፈልጋል። ገንዘብ ያዧ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የሆነች ቀጭን ልጅ ናት፤ ሩጫው ከሚጀምርበት የመብራት ምሰሶ ሥር ደብተሯን ይዛ ትቆማለች። አንድ ማለዳ ከጎኗ ቆሜ ያየሁት ይህን ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከቁልቁለቱ ቱር ቱር እያሉ መጡ።

«ጋሼ፣ ዘግይተዋል፤ ሃምሳ ብር።»

«አንቺ ልጅ! ስመጣ እያየሽኝ? እዚያ ጥግ ላይ ሆኜ እጄን አውለበልብሁልሽ እኮ!»

«አይቻለሁ ጋሼ። ማየትና መገኘት ግን ይለያያል፤ ደንቡ አንቀጽ አራት።»

«አንቀጽ አራትን ያረቀቅሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እሱማ እርስዎ ነዎት። ለዚህ እኮ ነው ጥብቅ የሆነው።»

ሰውየው ከፈሉ። ከፍለው ሲያበቁ ደግሞ ከዚያ ወዲያ መሮጥ አላስፈለጋቸውም፤ ምሰሶው ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን ፈቱ። ይኼ ነገር ለብረት ነጋዴው ሐሳብ ሰጠው መሰለኝ፣ በቀጣዩ ወር የአራት ቅዳሜ የቀሪ ቅጣቱን በአንድ ላይ ቀድሞ ከፍሎ ቤቱ ተኛ። ገንዘብ ያዧ ደረሰኝ ቆረጠችለት። ሌሎቹም ጥቅሙ ወዲያው ገባቸው። ዛሬ የቡድኑ ንቁ አባላት የሚባሉት ቅጣታቸውን በወቅቱ የሚከፍሉት ናቸው፤ የሚሮጠው መምህሩ ብቻ ነው፣ እሱም ቅጣት መክፈል ስለማይችል።

ሮታሪዎችም ቅጣት አላቸው፤ አትቸኩሉብኝ። በብዙ ክለቦቻቸው ሥርዓት አስከባሪ የሚባል ሹም አለ፤ የዘገየውን፣ የክለቡን ፒን ደረቱ ላይ ያልሰካውን፣ አንዳንዴም የልደት ቀኑ የሆነውን ሳይቀር ይቀጣል። እዚያ ግን ቅጣቱ ለሳቅ ነው፤ ገንዘቡ ለበጎ ሥራ ይገባል፣ ተቀጪውም ይጨበጨብለታል። እኛ ጋ የሚስቅ የለም። ቅጣት ከተከመረ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ገንዘቡ እዚያ ከሚተኛ ለምን እቁብ አይሆንም?» እንዲህ ተብሎ የሯጮቹ ቡድን እቁብ ገባ። ብልጠቱን አትናቁት፤ አዋጅ 1113 እቁብና እድርን አይመለከትም። ፈቃድ፣ ዓመታዊ ሪፖርት፣ የውጭ ኦዲተር የሚሉት ነገሮች ሲያሳድዱህ «እኛ እኮ እቁብ ነን» ብለህ ታመልጣለህ። በአገራችን ሕግ የማይደርስበት ዋሻ ቢኖር እጣ የሚወጣበት ቤት ነው።

መስከረም ሲመጣ ደግሞ የእቁቡ ትርፍ በሬ ሆነ። ጤናማና አምራች ዜጋ ለማፍራት የተቋቋመው የሩጫ ቡድን የቅርጫ ቡድን ሆነ። ሽንጡ ለማን ይድረስ፣ ምላሱ ለማን፣ ሰንበሩስ? መቼም ሩጫው እንዲህ ያለ ክርክር አስነሥቶ አያውቅም። ቃለ ጉባኤው ላይ ስለ ሩጫ የተጻፈው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር «የአባላት አካላዊ ብቃት ከበሬው ክብደት ጋር ተያይዞ እንዲታይ» የሚል ነው። ምን ማለት እንደሆነ የጻፈውም አያውቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ፈራጅ አንባቢ «ማኅበር ማለት እናንተ ጋ ይኼው ነው እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡ ጉራጌዎች፣ ከባለ ሱቁ እስከ ሊስትሮውና ተሸካሚው፣ ሳንቲም እያዋጡ መንገድ አሠርተዋል። አንዱ ማኅበር ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን ያዘ፤ ሌላው ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ የሚገባውን። በመጀመሪያው ማኅበር ሥራ ላይ የአንትሮፖሎጂ ሰው የሆነው ፈቃዱ ገዳሙ ለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት ጽፏል። እነዚያ ሰዎችም ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ነበራቸው። ልዩነቱ ቃለ ጉባኤያቸው ላይ «ዶዘር» የሚል ነገር ይገኝበታል። የአባቶቹ ማኅበር መንገድ አሠራ፤ የልጆቹ ማኅበር መንገዱ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ለሥራ ሲሆን ኮሚቴ ያምርብናል፤ ለጨዋታ ሲሆን ግን ያንኑ ኮሚቴ አቧራውን ሳናራግፍ እንጎትተዋለን።

ጨዋታ ደግሞ አገሩ ላይ ቦታ አጥቶ አያውቅም። ጀፎረን ያየ ያውቃል፤ በጎጆዎቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ያ ሰፊ የሣር ጎዳና። ሠርግ እዚያ ነው፣ ለቅሶ እዚያ ነው፣ ሽምግልና እዚያ ነው፣ ፈረስ ጉግሥ እዚያ ነው፣ የልጆች ኳስ እዚያ ነው። ማንም ለመጫወት አልተመዘገበም። ከብት ነድቶ የሚያልፍ ሽማግሌ ጨዋታው ከጣመው ዱላውን ተደግፎ ይቆማል፤ ካልጣመው ይሄዳል። የታዛቢነት ማዕረግ የሚሰጠው የለም።

ቡታጅራ ላይ ደግሞ የተራራ ወዳጆች አሉ። ከበላያቸው ዘቢዳር ተገትሯል፤ እሱን እያዩ አድገው ተራራ ባይወዱ ነበር የሚገርመው። መውደዳቸው እሰየው ነው። ችግሩ ባነር ነው። ተራራ ያለ ባነር መውጣት እነሱ ዘንድ ጫማ ሳያደርጉ ሠርግ ከመሄድ ይብሳል። ባነሩ ስድስት ሜትር ነው፤ የድርጅቶች አርማ፣ የተባባሪ አካላት ዝርዝር፣ መፈክር፣ ከመፈክሩ በታች ደግሞ የመፈክሩ ማብራሪያ። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይይዛል፣ አራት ሰው መሀሉ እንዳይረግብ ይደግፋል። ንፋስ ሲመጣ ስድስቱም ወደ ጎን ይሄዳሉ። እነዚህ ስድስት ሰዎች ስለ ተራራው ብትጠይቋቸው የሚነግሯችሁ ስለ ንፋሱ ነው። ቀሪዎቹ ፎቶ ያነሣሉ። ተራራው በፎቶው ላይ የለም፤ ባነሩ ሸፍኖታል።

አንድ ጊዜ ይኸው ቡድን ከቡታጅራ አለፍ ብሎ ወዳለው ሐረ ሸይጣን ሐይቅ ወርዶ ነበር። ቦታውን የማታውቁት ካላችሁ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ሐይቅ ነው። ከላይ ከጠርዙ ሆናችሁ ስታዩት በእጅ የሚነካ ይመስላል፤ ድንጋይ ስትወረውሩ ግን ድንጋዩ ውኃው ጋ ሳይደርስ መሀል ይቀራል። ለዚህም ስሙን የሚመስል ተረት ተሰጥቶታል። ጎብኚ ሁሉ እዚያ ሲደርስ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው፤ ድንጋይ ያነሣል፣ ይወረውራል፣ ያፍራል፣ ሌላ ያነሣል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሞኝነት በነፃ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው።

ቡድናችን ግን ወረፋ ያዘ። ስም ተመዘገበ፣ ዳኞች ተሰየሙ፣ የድንጋዩ ክብደት ላይ ክርክር ተነሣ። የሒሳብ ሹሙ ወረወረ፤ አልደረሰም። ጸሐፊው ወረወረ፤ አልደረሰም። አንድ ለጉብኝት አብሮ የመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳይመዘገብ ወረወረና ከሁሉም አራቀ፤ «አባል አይደለም» ተብሎ ተሰረዘ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ኮታቸውን አውልቀው ለምክትላቸው ሰጡና ወረወሩ። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። የድንጋዩ መውደቂያ ቁጥቋጦ ውስጥ መሆኑን አንድ ፍየል በመደንገጧ አረጋግጣለች። ከአጭር ውይይት በኋላ የሰብሳቢው ድንጋይ ውኃ መንካቱ በድምጽ ብልጫ ጸደቀ። ሁለት ድምጸ ተአቅቦ ነበር።

ወንዶቹ እንዲህ ሲሆኑ ሴቶቹ ምን ይሠራሉ ካላችሁ፣ ውጆ አላቸው። ጎረቤታሞች የላማቸውን ወተት ወይም ቅቤ በተራ ለአንዷ ያጠራቅሙላታል፤ ዛሬ ለእሷ፣ በሚቀጥለው ለጎረቤቷ፤ ብቻዋን ብትንጥ ወር የሚፈጅባትን ቅቤ ባለ ተራዋ በአንድ ጊዜ ታገኛለች። እግረ መንገዱንም ቡና አለ፣ ወሬ አለ፣ ባል ማማት አለ። ቲሸርት የለም። ባነር የለም። ማን የስንት ጣሳ ዕዳ እንዳለባት ሁሉም በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከኦዲት ይልቅ ይኼ ያስፈራል። አንድ የልማት ድርጅት ሠራተኛ የሆነ ወዳጄ አንዲት የመንደሩን እናት «እትዬ፣ የቡድናችሁ ራዕይ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ ሲያበቃ ያገኘው መልስ «ቅቤው ነዋ ልጄ!» የሚል ነበር። ቅጹ ላይ ለራዕይ የተተወው ቦታ አምስት መስመር ስለሆነ አራቱን ራሱ ሞላው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፤ ወደ ክትፎው። የመስቀል ሰሞን ወልቂጤ ምን እንደምትመስል ለጉራጌ መንገር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ የሚገባው መኪና ይሰለፋል፣ መርካቶ ግማሹ ይዘጋል፣ ዓመቱን ሙሉ ስልክ ያላነሣ ወንድም በር ላይ ይገኛል። ሙስሊሙ ወገናችን ደግሞ ይኼንኑ ግርግር በአረፋ ያየዋል። የማኅበር መወለጃው ወቅት ይኼ ነው። በመስቀል ሳምንት የሚቋቋመው ማኅበር ጥቅምት ሲጠባ መሥራቾቹን ተከትሎ አዲስ አበባ ይገባና እዚያ ይጠፋል፤ አገር ቤት የሚቀረው ማኅተሙ ነው። እኔ በማውቀው አንድ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ባለቤታቸው የጠፋ ማኅተሞች በፌስታል ታስረው ተቀምጠዋል።

በእንዲህ ያለ ሰሞን ነው አንድ ከአዲስ አበባ የገቡ የሮታሪ አባል፣ ወልቂጤ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ተሰብስበን ሳለን የፌሎሺፑን ነገር ያነሡት። ከቡታጅራም እንግዶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንድ የተከበሩ ሐጂ። ጀልባውንም፣ ወፉንም፣ ወይኑንም ዘረዘሩልን። ወይኑ ላይ ሲደርሱ አንዱ ጣልቃ ገባ።

«ወይን ከተፈቀደ ክትፎ ምን አጠፋ?»

ቤቱ ተነሣ። ዓለም አቀፍ የክትፎ ወዳጆች ፌሎሺፕ! ይኼን ማን ይቃወማል? ወዲያው ሊቀ መንበር ተመረጠ፤ እሱ ባይመረጥ ነበር የሚገርመኝ፤ የብረት ነጋዴው ነበር። ለሮታሪው ሽማግሌ ያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዓላማ ነው።

«ጋሼ፣ የዚህ ፌሎሺፕ ዓላማው ምን ይሁን?»

«ክትፎ መብላት።»

«እሱማ ገብቶናል። ዓላማውን ነው የምልዎት።»

«ክትፎ መብላት ነው ልጄ። አብሮ መብላት፣ መጫወት፣ መወዳጀት።»

«እሺ፣ ይኼ ተግባሩ ነው እንበል። ግቡስ?»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። እንደ አዲስ ከጀልባው ጀመሩ። ጀልበኞቹ በጀልባ ከመንሸራሸር ሌላ ምንም እንደማይጠየቁ፣ አገልግሎቱ በሌላ በኩል እንደሚሠራ፣ ጨዋታ ጨዋታ እንዲሆን እንደተተወ አስረዱ። ቤቱ በትሕትና ሰማቸው። ሰምቶ ሲያበቃ ዓላማው «የእንሰትና የእንስሳት ሀብት ልማትን በማቀናጀት የኅብረተሰቡን ገቢ ማሳደግ» እንዲሆን ተወሰነ።

ከዚያ ሥራው ከበደ። ጥሬ የሚበሉትና ለብለብ የሚሉት በአንድ ፌሎሺፕ መቀመጥ አንችልም አሉ፤ ሁለት ዘርፍ ተቋቋመ፣ ለየዘርፉ ኃላፊ ተሾመ። አብስሎ የሚበላ አንድ መሐንዲስ ነበር፤ ከብዙ ልመና በኋላ ድምጽ የማይሰጥ አባል ሆነ። የስብሰባ ቀን ረቡዕ ይሁን ሲባል ጾም ነው ተባለ፤ አርብም ጾም ነው፤ «ረመዳንስ?» አሉ ሐጂው። ሥጋው በማን እጅ ይታረድ የሚለው ላይ ሐጂውና አንድ አለቃ በአክብሮት ተያዩ፤ ያለ ኮሚቴ የተስማሙት እነሱ ብቻ ናቸው፦ ሁለት በሬ። መቀመጫው ወልቂጤ ነው ወይስ ቡታጅራ በሚለው ላይ ነገሩ ሞቀና ሁለት አዛውንት እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ጉራጊኛ ተናገሩ፤ አንዱ መስቃንኛ፣ አንዱ እነሞርኛ። በመጨረሻ በአማርኛ ተዋቀሱ። ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ያ ኤስፔራንቶ የሚሉት ይኼን ጊዜ ነበር» አሉኝ።

ዓለም አቀፍ ለመባል ከተለያዩ አገሮች አባላት እንደሚያስፈልጉ ሲነገር ግን ማንም አልደነገጠም። አንዱ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ወንድም አለው፣ አንዱ ጁባ ሱቅ የከፈተ የእህት ልጅ፣ አንዷ ዱባይ ያለች አክስት። በአንድ ጓሮ ውስጥ፣ ስልክ እንኳ ሳይደወል፣ ሦስት አህጉር ተሸፈነ። የአባላት መዋጮ በየትኛው ገንዘብ ይሰብሰብ የሚለው ላይ ብቻ ዋሽንግተንን ይወክላል የተባለው ሰው ድምጹን ከፍ አደረገ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ክትፎው ከቀረበ ቆይቷል። በጣባ ሆኖ፣ ቆጮው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ አይቤና ጎመኑ ከጎኑ፣ ቅቤው ከላይ። ማንም አልነካውም፤ አመጋገቡ ገና አልጸደቀማ። በማንኪያ የሚሉና በቆጮ እየጠቀለሉ የሚሉ ነበሩ፤ የቀንድ ማንኪያ ይሁን የሚል ማሻሻያም ቀረበ። ቅቤው ጠርዙ ላይ ነጣ ነጣ ማለት ሲጀምር ያየነው እኔና ሐጂው ነን መሰለኝ፤ ሐጂው «ቢስሚላህ» ብለው ጎረሱ። ሊቀ መንበሩ ይኼን እንደ ሥነ ሥርዓት ጥያቄ ቆጥሮ መዘገበው።

አስተናጋጇ መጥታ ሒሳቡን አስቀመጠች። ገንዘብ ያዥ አልተመረጠም ነበር። ገንዘብ ያዥ ሳይኖር ክፍያ መፈጸም ከመተዳደሪያ ደንቡ ረቂቅ ጋር እንደሚጋጭ ጸሐፊው አሳሰበ፤ ጋሼ ከኪሳቸው ሊያወጡ ሲሉም የግል ልገሳ መቀበያ ሥርዓት እስኪዘረጋ ድረስ እንደማይቻል ተነገራቸው። ነጥቡ ለቀጣዩ ስብሰባ ተላለፈ። ለአስተናጋጇ በትሕትና ተነገራት።

«ቀጣዩ መቼ ነው?» አለች።

«ለሚቀጥለው መስቀል፣ እግዜር ካለ።»

ሄዳ የጓሮውን በር ዘጋችና በርጩማዋን አምጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች።